ጨጓራ ነው ከማለታችን በፊት፦ የሆድ ሕመም እንዴት ይገለጻል፣ እንዴትስ ይመደባል?

ፒያሳ ወይም አራት ኪሎ አካባቢ ካሉት ፋርማሲዎች ወደ አንዱ ገብታችሁ ትንሽ ቆም በሉ። «ጨጓራዬ ተነስቶብኛል፣ ኦሜፕራዞል ስጠኝ» የሚል ሰው ሳይመጣ አይቀርም። ቀጥሎ የሚገባው «አሜባ ሳይሆን አይቀርም» ይላል። ሦስተኛዋ ደግሞ «ታይፎይዴ አገረሸብኝ መሰለኝ» ትላለች። ሦስቱም መድኃኒት ይዘው ይወጣሉ። የት ጋር እንደሚያማቸው የጠየቃቸው የለም፤ እነሱም አልተናገሩም። የበሽታውን ስም ቤታቸው ወስነው ነው የመጡት።

ልማዱ ፋርማሲ በር ላይ አይቀርም። ሐኪም ፊት ስንቀመጥም አብሮን ይገባል። ጥቁር አንበሳን፣ ዘውዲቱን፣ ራስ ደስታን፣ የካቲት 12ን የመሳሰሉት መሐል ከተማ ያሉ ሆስፒታሎች ከየሰፈሩ የሚመጣውንም፣ በሪፈር የሚላከውንም ይቀበላሉ። ካርድ አውጥቶ፣ ወረፋ ጠብቆ ሐኪም ጋ የሚደርስ ሰው የሚያገኘው ጊዜ የትም ቢሆን ረጅም አይደለም። ያቺ ጊዜ «ጨጓራ አለብኝ» በሚል ካለቀች ሐኪሙ የሚይዘው ነገር የለውም።

ለሆድ ሕመም ትልቁ ምርመራ አሁንም ጥያቄና መልስ ነው። ደም ተቀድቶ፣ ሰገራ ታይቶ፣ አልትራሳውንድ ተነስቶ የሚመጣው ውጤት ትርጉም የሚኖረው ሕመሙ በደንብ ከተነገረ ነው። ትምህርት ቤት ሳለን የምግብ መፍጫ አካላትን ሥዕል ሠርተን ክፍሎቹን ሰይመናል። ሲያመን ምን ብለን እንደምንናገር ግን ያስተማረን የለም።

የት ጋር?

«የት ጋር ነው የሚያምዎት፣ እማማ?»

«ጨጓራዬን ነው ልጄ።»

«እስቲ በእጅዎ ያሳዩኝ።»

ነገሩ እዚህ ጋር ነው የሚጀምረው። እማማ መዳፋቸውን ዘርግተው ሆዳቸው መሐል ላይ ክብ ቢሠሩ አንድ መልእክት ነው። በአንድ ጣት ከቀኝ ብሽሽታቸው ከፍ ብሎ ያለውን ቦታ ቢነኩ ሌላ መልእክት ነው። ሐኪሙ ከቃላቸው ይልቅ እጃቸውን ነው የሚያምነው።

ምክንያቱ የነርቮቻችን አሠራር ነው። ጨጓራ፣ አንጀት፣ ሐሞት ከረጢትና የመሳሰሉት ሕመም የሚያደርሱ ነርቮቻቸው ጥቂትና የተበታተኑ ናቸው። ከግራም ከቀኝም ወደ አከርካሪ ስለሚገቡ አእምሮ ሕመሙን መሐል ላይ አድርጎ ይሰማዋል። አራት ኪሎ አደባባይ ላይ ክላክስ ሲጮህ ከየትኛው ሚኒባስ እንደመጣ አለመታወቁን አስቡት። የሚገርመው ደግሞ እነዚህ የውስጥ ብልቶች ቢቆረጡ ብዙም አይሰማቸውም። የሚያማቸው ሲለጠጡ፣ ሲጨመደዱ ወይም ደም ሲያጥራቸው ነው።

ይህ የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ ከውስጥ ብልት የሚነሳ ሕመም። ድፍን ያለ፣ ቦታው የማይጨበጥ፣ ብዙ ጊዜ ማቅለሽለሽና ላብ የሚከተለው። ድፍን ቢሆንም ታዲያ ፍንጭ አለው። ከጨጓራ፣ ከሐሞት ከረጢትና ከቆሽት የሚነሳው ከእምብርት በላይ ይሰማል። ከትንሹ አንጀትና ከትርፍ አንጀት የሚነሳው እምብርት ዙሪያ ነው። የትልቁ አንጀት የመጨረሻ ክፍል ሲሆን ከእምብርት በታች ይወርዳል። ይህ አከፋፈል ፅንስ እያለን አንጀታችን ከተሠራበት አኳኋን የመጣ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት የሆድን ግድግዳ ከውስጥ ከሸፈነው ስስ ሽፋን ይነሳል። የዚህ ሽፋን ነርቮች ቆዳችን ላይ እንዳሉት ቦታውን አጥርተው ይናገራሉ። ሕመሙ ስል ነው፣ በጣት ይጠቆማል፣ ሲስሉና ሲንቀሳቀሱ ይብሳል። የውስጥ ብልቱ ቁጣ ሽፋኑ ጋ ሲደርስ ነው የሚመጣው። ስለዚህ መዳፍ ወደ ጣት ሲቀየር ሐኪም ጆሮውን ያቆማል።

ትርፍ አንጀት ሁለቱንም በአንድ ቀን ያሳያል። ጠዋት እምብርት ዙሪያ ድፍን ያለ ሕመም ይጀምራል። ሰውየው «የበላሁት አልተስማማኝም» ብሎ ዝንጅብል በሻይ ይጠጣል። ምግብ ያስጠላዋል። ከሰዓታት በኋላ ሕመሙ ወደ ቀኝ ታችኛው ሆድ ወርዶ አንድ ቦታ ላይ ይተከላል። ቻርለስ መክበርኒ የተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም ያንን ቦታ እ.ኤ.አ. በ1889 ለይቶ ጽፎታል። ከቀኝ ዳሌ አጥንት የፊት ጫፍ እስከ እምብርት መስመር ብታሰምሩ፣ ከአጥንቱ ሲነሱ አንድ ሦስተኛው ላይ ነው። ዛሬም በስሙ ይጠራል። «ጠዋት እምብርቴ ዙሪያ ነበር፣ አሁን እዚህ ወረደ» የምትለው ዓረፍተ ነገር ከብዙ የላብራቶሪ ወረቀት ትበልጣለች። ትርፍ አንጀት ሁሉ እንደዚህ በመጽሐፉ መሠረት አይሄድም፤ ሲሄድ ግን በቶሎ ያስይዛል።

መንገድም ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት ለታማሚዎች ቀላል ጥያቄ አቀረበ። ወደ ሆስፒታል ስትመጡ መኪናው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሲያልፍ ሕመሙ ባሰባችሁ ወይ? ትርፍ አንጀት መሆኑ ከተረጋገጠው 34 ሰዎች 33ቱ አዎ ብለዋል። አዎ ያለ ሁሉ ትርፍ አንጀት ነበረበት ማለት አይደለም፤ ትርፍ አንጀት ከሌለባቸውም ብዙዎች አዎ ብለዋል። መልሱ «አይ፣ ምንም» ከሆነ ነው ጥያቄው በይበልጥ የሚጠቅመው። በኮብልስቶን መንገድ በሚኒባስ የመጣ የአዲስ አበባ ሰው መልሱን ሳይጠየቅ ሊናገር ይችላል።

ሦስተኛው ዓይነት ከተነሳበት ርቆ የሚሰማ ነው። ሐሞት ከረጢት ታሞ ቀኝ ትከሻ ወይም ከትከሻው ሥር ያለው ጀርባ ያማል። ቆሽት ሲቆጣ ወደ ጀርባ ይወጋል፤ ጎንበስ ብሎ መቀመጥ ትንሽ ያቀለዋል። የኩላሊት ጠጠር ከጎን ተነስቶ ወደ ብሽሽት ይወርዳል። በሁለት የተለያዩ ቀናት ለሁለት ሐኪም ትከሻውን ለብቻ፣ ሆዱን ለብቻ የሚናገር ሰው ሥዕሉን ራሱ ለሁለት ቀደደው ማለት ነው።

በተቃራኒውም አለ። ሕመሙ ሆድ ላይ ሆኖ በሽታው ሌላ ቦታ የሚሆንበት። የሳንባ ምች ታችኛውን የሳንባ ክፍል ሲይዝ፣ በተለይ ልጆች ላይ፣ የሆድ ሕመም መስሎ ይመጣል። የስኳር ሕመምተኛ ስኳሩ ከቁጥጥር ወጥቶ ደሙ አሲድ ሲሆን ሆዱን አጥብቆ ሊያመው ይችላል። ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ልብ ነው። «ልቤን ያቃጥለኛል» ብለን የምንጠቁመው ብዙ ጊዜ ከእንብርት በላይ፣ ከደረት አጥንት ሥር ያለውን ጉድጓድ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ጉዳዩ የጨጓራ ነው። አንዳንዴ ግን በእርግጥም ልብ ነው። ዕድሜው የገፋ፣ ደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው እዚያ ቦታ አዲስ ጭንቀት ያለው ሕመም ከተሰማው፣ ላብ ካጠመቀው፣ ትንፋሽ ካጠረው ኦሜፕራዞል ውጦ የሚተኛበት ሰዓት አይደለም። የልብ ምርመራ ያስፈልገዋል፣ ያኔውኑ።

ምን ዓይነት?

እ.ኤ.አ. በ1975 ካናዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮናልድ ሜልዛክ 78 የሕመም መግለጫ ቃላትን በ20 ቡድን መድቦ አንድ መጠይቅ አሳተመ። ታማሚ የሚመርጠው ቃል ራሱ መረጃ ነው ብሎ በማመን ነው። በቃል ከሆነ እኛም አንታማም። ይቆርጠኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ይወጋኛል፣ ይነፋኛል፣ ይጨመድደኛል፣ ያስምጠኛል። ሰፈር ውስጥ ቡና ላይ ስናወራ እያንዳንዷን በቦታዋ እንጠቀምባታለን። ሐኪም ፊት ስንደርስ ነው ሁሉንም ጥለን «ጨጓራ» የምንለው። የተማረ ቃል መናገር ያለብን ይመስለናል መሰለኝ።

ቁርጠት መጥቶ ይሄዳል። አንጀት ሲጨመደድ ይነሳል፣ ሲላላ ይተዋል። ተቅማጥ ካለ ብዙ ጊዜ ነገሩ ቀላል ነው። ቁርጠቱ ከሆድ መነፋትና ከትውከት ጋር ከመጣ፣ ሰገራም አየርም መውጣት ካቆመ ግን የአንጀት መዘጋት ይጠረጠራል። በአገራችን ለዚህ ከሚጠቀሱት ዋና ምክንያቶች አንዱ የትልቁ አንጀት መጠማዘዝ ነው። ልጆች ላይ ደግሞ የወስፋት ትሎች ተጠቅልለው አንጀት የሚዘጉበት ጊዜ አለ። ይህ ቁርጠት በጤና አዳም የሚመለስ አይደለም።

የሐሞት ጠጠር ሕመም በየደቂቃው አይመላለስም። ቅባት ከበዛበት ምግብ በኋላ፣ የበዓል ማግስት ለምሳሌ፣ ከቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ይነሳል። ከዚያ ሳያቋርጥ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ሰዓታት ይቆያል። ጥፋቱ በዶሮ ወጡ ይላከካል።

አንዳንዱ ሕመም ደግሞ አፍ ሳይከፈት ይናገራል። የኩላሊት ጠጠር የያዘው ሰው መቀመጫ ያጣል። ይነሳል፣ ይንጎራደዳል፣ ይተኛል፣ እንደገና ይነሳል። ጨጓራው ወይም አንጀቱ ተበስቶ የሆድ ዕቃ ሽፋኑ የተቆጣበት ሰው ግን ጉልበቱን አጥፎ ሳይንቀሳቀስ ይተኛል። አልጋው ሲነካ እንኳ ፊቱ ይለወጣል። አስታማሚዎች «አሁን ተረጋግቷል፣ ዝም ብሏል» የሚሉት እንዲህ ያለውን ሰው ሊሆን ይችላል። ዝምታው አደገኛው ምልክት ነው።

መጠኑስ? ከዜሮ እስከ አስር ቁጥር ስጥ የሚባለው ነገር እኛ ዘንድ ብዙም አይሠራም ብዬ አስባለሁ። ሐኪሙ «እንዴት ነህ?» ሲል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ብሎ የሚጀምር ሕዝብ ነን። አንዱ በአፉ «ከአስር አስር» እያለ ስልኩን ይነካካል፤ አባባ ደግሞ አንጀታቸው ተጠማዝዞ «ደህና ነኝ፣ ትንሽ ነው» ይላሉ። ከቁጥሩ ይልቅ የተቋረጠው ሥራ ይናገራል። ከእንቅልፍ ቀስቅሶኛል፣ ሥራ አስቀርቶኛል፣ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። በዕድሜ የገፉ ሰዎችና የስኳር ሕመምተኞች ላይ ከባድ በሽታ ቀላል ሕመም ብቻ አሳይቶ ሊቀመጥ እንደሚችልም ልብ ይባል።

የጨጓራ ነገር

ወደዚያ ወደተለመደው ስም እንመለስ። የጨጓራ ሕመም በእርግጥ ብዙ ነው፣ ሰዉ ዝም ብሎ አይደለም የሚያወራው። ሁለት አውስትራሊያውያን፣ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል፣ የጨጓራ ቁስል ዋና ምክንያት የሆነውን ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1982 ለይተው አገኙ። ያኔ ቁስሉ የጭንቀትና የቅመም ውጤት ነው ተብሎ ይታመን ስለነበር ማርሻል ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታመመ፤ ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ወሰዱ። በርበሬም ያኔ ነፃ ወጣች ማለት ይቻላል። የተቆጣ ጨጓራን ታቃጥል ይሆናል እንጂ ቁስሉን የምታመጣው እሷ አይደለችም።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች ሲጠቃለሉ ባክቴሪያው ግማሽ ያህሉ ሰው ላይ ይገኛል። ከተሸካሚዎቹ አብዛኞቹ ምንም አይሰማቸውም። እንግዲህ ሆዱን ባመመው ሰው ሁሉ ላይ ምርመራ ብንሠራ ከግማሽ የማያንሰው «ፖዘቲቭ» ይሆናል፣ ያመመው ሐሞቱም ቢሆን። የደም ምርመራው ድሮ የነበረውንና አሁን ያለውን አይለይም። የሰገራው ይሻላል። እሱም ቢሆን ከምርመራው በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ኦሜፕራዞል፣ ወይም ባሉት አራት ሳምንታት አንቲባዮቲክ ከተወሰደ የሌለ ሊያስመስል ይችላል። ከፋርማሲ በራሱ ገዝቶ ሲውጥ የከረመ ሰው ውጤቱ ለምን እንደተምታታበት እዚህ ጋር ይገባዋል።

ሌላው የቁስል ዋና ምክንያት ቦርሳችን ውስጥ ነው። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪን። ለወገብ፣ ለጉልበት፣ ለራስ ምታት የምንውጣቸው። ጨጓራውን አሞት «ማስታገሻ» ብሎ ዲክሎፌናክ የሚወስድ ሰው አለ፤ እሳት ላይ ነዳጅ ነው።

አሜባና ታይፎይድም ተመሳሳይ ጣጣ አለባቸው። በተለመደው የማይክሮስኮፕ ምርመራ ጎጂውን አሜባ ጉዳት ከሌለው ዘመዱ መለየት አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ በድሮ ኢንፌክሽን ወይም በሌላ በሽታ ምክንያትም ፖዘቲቭ ይሆናል። ታይፎይድ ደግሞ በዋናነት የትኩሳት በሽታ ነው። ሳያተኩሳችሁ፣ ሆዳችሁን ስለቆረጣችሁ ብቻ በየሦስት ወሩ «ታይፎይድ ተገኘብኝ» የምትሉ ካላችሁ ሌላ ነገር መፈለግ ያለበት ይመስለኛል።

ስም የማይወጣለት ሕመም

ሕመም በጊዜም ይመደባል። ድንገት የመጣና በሰዓታት የሚቆጠር አለ፤ ከሦስት ወር በላይ የቆየ ሥር የሰደደ ይባላል። ደህና የነበረን ሰው በድንገት ይዞ ከስድስት ሰዓት በላይ ያልለቀቀ ብርቱ የሆድ ሕመም የቀዶ ሕክምና ጉዳይ ሊሆን ይችላል የሚል የቆየ የቀዶ ሐኪሞች ብሂል አለ። ብሂል ነው እንጂ ሕግ አይደለም፣ ግን እስከ ነገ እንየው ለሚል ቤተሰብ ጥሩ ሰዓት ነው።

ሥር ለሰደደው ሕመም ነገሩ ይለያል። ደም፣ ሰገራ፣ አልትራሳውንድ፣ ኢንዶስኮፒ ታይቶ ሁሉም «ኖርማል» የሚሆንበት ብዙ ሰው አለ። «ምንም የለብህም» ይባልና ወደ ሌላ ክሊኒክ ይሄዳል። እዚያም እንደ አዲስ ይጀመራል። ይህም ቢሆን ግን መደብ አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሮም አራት የተባለው መስፈርት የአንጀት መቆጣት ሕመምን በታማሚው ቃል ብቻ ይለያል። ሕመሙ ቢያንስ ከስድስት ወር በፊት የጀመረ ይሆናል። ባለፉት ሦስት ወራት በአማካይ በሳምንት አንድ ቀን ያህል ይመጣል። ከዚህ ጋር ከሦስቱ ሁለቱ መኖር አለባቸው፦ ሕመሙ ከመጸዳዳት ጋር መያያዙ፣ የመጸዳዳት ድግግሞሽ መለወጡ፣ የሰገራው ሁኔታ መለወጡ። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ የተበላሸው በአንጀትና በአእምሮ መሐል ያለው መነጋገር ነው። ጭንቀት የሚያባብሰውም ለዚህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባም ስም ላልወጣለት ሕመም ቦታ አለው። አሥረኛው እትም ላይ የሆድ ሕመም ለብቻው «አር 10» የሚል ኮድ ተሰጥቶት ላይኛው ሆድ፣ ታችኛው ሆድ፣ ምክንያቱ ያልተለየ እየተባለ ይከፋፈላል። ከድንገተኛ ክፍል ብዙ ሰው ይህን ይዞ ይወጣል። ሐኪሙ ሰነፈ ማለት አይደለም። ሳያረጋግጥ «ጨጓራ» ብሎ ከሚጽፍ «ገና አልታወቀም» ብሎ ቢጽፍ ይሻላል። የሚቀጥለው ሐኪም ፍለጋውን አያቆምማ።

ስለ ሴቶች ለብቻው መነሳት ያለበት ነገር አለ። ከእምብርት በታች ያመማትን ወጣት ሴት እናቷ ይዛት ትመጣለች። ሐኪሙ የወር አበባዋ መቼ እንደመጣ ይጠይቃል። እናት አጠገቧ ቆማለች፤ ልጅ «በሰዓቱ ነው የሚመጣው» ትላለች፣ የቀረውን ሆድ ይፍጀው። ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ግን አይጠብቅም። እርግዝናው ያለበት የማህፀን ቱቦ ከፈነዳ ደሙ ሆድ ውስጥ ይፈሳል፤ ራስ ያዞራል፣ ያስታል፣ ትከሻም ሊያም ይችላል። ሐኪሞች «እማዬ፣ እስቲ ትንሽ ውጭ ይጠብቁን» ሲሉ እናቶች ባይቀየሙ ደስ ይለኛል። በየወሩ ከሥራ የሚያስቀር የወር አበባ ሕመምም «የሴት ነገር ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም፤ መታከም የሚችል በሽታ ከኋላው ሊኖር ይችላል።

ምንም ምደባ ሳይጠበቅ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱ ምልክቶችም አሉ። ድንገት እንደ መብረቅ የወረደ ብርቱ ሕመም። እንጨት የመሰለ ደረቅ ሆድ። ደም ወይም የቡና አተላ የሚመስል ትውከት። እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ የአይረን ክኒን የማይወስድ ሰው ላይ። ከሕመም ጋር የመጣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ራስ መሳት። ቀስ ብለው ለሚመጡት ደግሞ ክብደት ያለምክንያት መቀነስና ምግብ ሲውጡ መያዝ ቀጠሮ የሚያስይዙ ናቸው።

አንድ ነገር ላክል፣ ብዙ ክርክር ስለሚያስነሳ። ድሮ ሐኪም ሳያይ ማስታገሻ አይሰጥም ይባል ነበር፣ ምልክቱን ይደብቃል ተብሎ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን በድንገተኛ ክፍል የሚሰጥ ማስታገሻ ምርመራውን እንደማያሳስት አሳይተዋል። ስለዚህ መርፌው ሲመጣ «ቆይ፣ በሽታው ሳይታወቅ» ብላችሁ አትከልክሉ። ቤት የወሰዳችሁት ካለ ግን ስሙንና ሰዓቱን ተናገሩ። ስሙ ከጠፋባችሁ ባዶ ፓኬቱን ይዛችሁ ሂዱ።